ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

አንባቢያን ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ምንነት ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሮኬት ወይም ሮቦት ያለበት ታሪክ ሁሉ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሮኬቱን አውጥተው በምትኩ መርከብ ቢያስገቡና ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ቢቀጥል፣ ያነበቡት ልብሱን የቀየረ የባሕር ጀብዱ ነው። የዘርፉ ዋና መለያ፣ ደራሲው በምናውቀው ዓለም ላይ እስካሁን ያልነበረ አንድ ነገር ጨምሮ፣ ከዚያ የሚከተለውን ሁሉ በምክንያትና በውጤት እያያዘ መከታተሉ ነው። ሃያሲው ዳርኮ ሱቪን ይህን እንግዳ ነገር በላቲን ቃል «ኖቩም» ይለዋል፤ «አዲስ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በተረትም ያልነበረ ነገር ሞልቷል፤ ጅብ ይናገራል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በተረት ጅብ ሲናገር አህያዋ «ቋንቋ ከየት ተማርህ?» አትልም፤ እኛም «የላም በረት» ብለን ስንጀምር ላለመጠየቅ ተስማምተናል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን መጠየቅ የአንባቢው መብት ነው። የተለወጠው ጉሮሮው ነው ወይስ አንጎሉ? ማን ለወጠው? ከእንግዲህስ ጅብ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር ነው? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይንሱ የግድ ትክክል መሆን አለበት?

መልስ፦ ጁል ቨርን በ1865 ባሳተመው ልብ ወለድ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ፍሎሪዳ ላይ በተቀበረ ግዙፍ መድፍ ነበር። ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1901 የመሬትን ስበት የሚከልል ንጥረ ነገር ከራሱ አመንጭቶ ገጸ ባሕርያቱን ወደዚያው ላከ። ቨርን፣ እርሱ በፊዚክስ እንደሚጠቀም፣ ዌልስ ግን እንዲያው እንደሚፈጥር ገልጾ ነቅፎታል። ይሁንና የቨርን መድፍ በእርግጥ ቢተኮስ፣ ድንገተኛው ፍጥነት ተሳፋሪዎቹን ገና ከአፈሙዙ ሳይወጡ ይጨፈልቃቸው ነበር። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ግን የዘርፉ አባቶች ናቸው። ስለዚህ ከደራሲው የሚጠበቀው አንዴ ላወጣው ሕግ መታመን ነው፤ በምዕራፍ ሁለት የከለከለውን በምዕራፍ አሥር ሲቸግረው መፍቀድ የለበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማይሆነውን ነገር እንዴት ያሳምነናል?

መልስ፦ በትንንሽ ነገሮች። ዌልስ በ1895 ባሳተመው የጊዜ ጉዞ ታሪክ፣ የጊዜ ተጓዡ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝበትን መኪና ትንሽ ሞዴል እንግዶቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያም ማታለል እንደሌለበት እንዲታይ የራሱን ጣት ትቶ፣ ከእንግዶቹ የአንዱን ጣት ይዞ ማንሻዋን ያስጫነዋል። ነፋስ ሽው ይላል፣ የመብራቱ ነበልባል ይዘላል፣ ከሻማዎቹ አንዱ ይጠፋል፤ ሞዴሏም ለቅጽበት እንደ ጥላ ታይታ ትሰወራለች። ከዚያ አስቀድሞ የቀረበውን ጊዜ ከርዝመት፣ ከስፋትና ከቁመት ቀጥሎ አራተኛው ልኬት ነው የሚለውን ትንታኔ ብዙ አንባቢ ይረሳዋል፤ ሻማው ግን አይረሳም።

ጥያቄ፦ ዘርፉ መቼ ተጀመረ?

መልስ፦ ብዙዎች ከሜሪ ሼሊ የ1818 ልብ ወለድ ከ«ፍራንከንስታይን» ይነሣሉ፤ እኔም እስማማለሁ። በመጽሐፉ ያለው ሰው ሠራሽ ፍጡር ሕይወት ያገኘው በድግምት ሳይሆን በአንድ ተማሪ ምርምር ነው፤ የመጽሐፉም ሰፊ ክፍል ፈጣሪው ለፈጠረው ያለበትን ኃላፊነት ይመረምራል።

ጥያቄ፦ የዘርፉ ሥራ የወደፊቱን መተንበይ አይደለምን?

መልስ፦ ትንቢት የተሳካላቸው አሉ፤ መለኪያው ግን እርሱ አይደለም። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። የተውኔቱ ሮቦቶች ብረት ለበስ አይደሉም፤ በፋብሪካ የተሠራ ሥጋ ያላቸው፣ መልካቸው ሰው የሚመስል ሠራተኞች ናቸው። ቃሉ የመጣውም ገበሬ ለጌታው በግዴታ ይሠራው የነበረውን ሥራ ከሚገልጸው «ሮቦታ» ሲሆን፣ በእኛ አገር ሁዳድ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። በ1921 ተውኔቱን ፕራግ ላይ የተመለከተ ሰው «ሮቦት» ሲባል በሐሳቡ የሚመጣበት ጭሰኛ ነበር።