ቆጡ በካርታው ላይ ከሌለ በካሬ አይታሰብም

ቦሌ ያለው ባለ ቆጥ (ከፍ ብሎ የተሠራ መኝታ ያለው) ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ሻጩ ቆጡን ደምሮ እንደሚለው 52 ካሬ፣ ካርታው እንደሚለው ደግሞ 34 ካሬ ከሆነ፣ ዋጋውን መደራደር ያለብዎ በ34ቱ ነው፤ ስም ሲዛወር በእጅዎ የሚቀረው ማስረጃ ካርታው ነውና። ደረጃና ኮሪደር በጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎች ስለሆኑ፣ ሻጩ የእነሱን ድርሻ ደምሮ እንደሆነ የተጣራውን፣ ማለትም የቤቱን ብቻ ስፋት ለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት።

ሜትር ይዘው ይሂዱና ቆጡ ላይ ይውጡ። እኔ ባየሁት ቤት ከፍራሹ እስከ ኮርኒሱ አንድ ክንድ ተኩል ብቻ ስለነበር፣ ተቀምጬ እንኳ ራሴ ይነካ ነበር።

ከደረሰብኝ ተነስቼ አንድ ነገር ላሳስብዎ። በደላላ ጥድፊያ፣ በመንደር ውል ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ቤቱ በባንክ ብድር መያዣነት መያዙን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ ገንዘቤን ለማስመለስ ስምንት ወር ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን በክፍለ ከተማው ሳያረጋግጡ አንድ ብር እንኳ አይክፈሉ፤ የሽያጭ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት።