«ለመዞር ቦታ!» ስትባል መጀመሪያ መልስ፣ ክርክሩ ይደርሳል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ከጓደኛህ ጋር በሸራ ጀልባ ስትወዳደሩ ሁለታችሁም ንፋሱን በግራ ጎን ይዛችሁ ወደ ዳርቻው ትሄዱ ነበር። አንተ ከንፋሱ በታች ነህ፣ ትንሽም ቀድመሃል። እሱ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ከላይህ ነው። ዳርቻው ሲቀርብህ «ለመዞር ቦታ!» ብለህ ጮህክ፤ አፍንጫዬን ንፋሱን አሻግሬ ንፋሱን በሌላው ጎን እንድይዝ ቦታ ስጠኝ ማለት ነው። እሱ «ፍጥነትህን ቀንሰህ ከኋላዬ ዙር» ብሎህ ዝም ብሎ ቀጠለ። ማነው ልክ?

ልክ አንተ ነህ። ምክንያቱ ግን አንተ የጻፍከው አይደለም።

«ከታች ያለው ቅድሚያ አለው» ብለሃል። እውነት ነው፣ ንፋስን በአንድ ጎን ይዘው ጎን ለጎን ሲሄዱ የላይኛው ለታችኛው ይለቃል። ያ ቅድሚያ ግን ለመዞር አያገለግልህም። የጀልባህ አፍንጫ ንፋሱን ካቋረጠ በኋላ አዲሱን አቅጣጫ እስክትይዝ ድረስ የምትለቀው አንተ ነህ። ሳትናገር ዞረህበት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ያንተ ነበር።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ለአዲስ ልጆች ይህን ስናስረዳ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ዳርቻውንና የንፋሱን ቀስት እንስላለን። ጀልባዎቹ የሃይላንድ ክዳኖች ናቸው፤ አፍንጫቸው እንዲታወቅ ክብሪት እንለጥፍባቸዋለን። የታችኛውን ክዳን መስመሩ ጋ አስጠግተን «በል አዙረው» እንላለን። ልጁ ሲያዞረው ከላይኛው ጋር ይላተማል። ሳያዞረው ሲገፋው ደግሞ ዳርቻው ላይ ይወጣል። ያኔ የሸራ ጀልባ ውድድር ደንብ ቁጥር 20 ለምን እንደተጻፈ ማንም አይነግራቸውም፣ ራሳቸው ያዩታል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ንፋሱን ጠበቅ አድርገህ ወደ ላይ፣ ንፋሱ ወደሚመጣበት እየሄድክ ከሆነና እንቅፋቱን (እዚህ ዳርቻውን) በደህና ለማለፍ ቶሎ አቅጣጫህን በደንብ መቀየር ግድ ከሆነብህ፣ መጮህ ትችላለህ። የሰማው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በተቻለው ፍጥነት ራሱ ይዞራል፣ ወይ ወዲያው «አንተ ዙር!» ብሎ ቦታ ይሰጥሃል። ሦስተኛ የለም። ጥሪህ ያለ ጊዜው ነው ብሎ ቢያምን እንኳን መልስ መስጠት አለበት። መከራከር የሚችለው በኋላ ነው። ይህቺን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው፣ ዳርቻ ላይ ቆሞ መሟገት ጀልባ ስለሚሰብርና ሰው ስለሚጎዳ ነው።

አንተም ግዴታ አለብህ። ከጮህክ በኋላ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስጠው። እሱ ሲዞር አንተም በተቻለህ ፍጥነት ዙር፤ «ትንሽ ልጨምር» ብሎ መቀጠል አይፈቀድም። ንፋሱ ድምፅህን የሚውጠው ከሆነ በእጅህም ምልክት አሳይ፣ ይህም ደንቡ ውስጥ አለ። እንቅፋቱ ራሱ የውድድሩ ምልክት (ተወዳዳሪዎች እንዲዞሩት ወይም እንዲያልፉት የተቀመጠው) ከሆነና ሌላኛው ሳይዞር ሊያልፈው የሚችል ከሆነ ደግሞ አትጩህ። እሱን ከመንገዱ የማስወጣት መብት የለህም።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሌላ ጀልባም እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም ንፋሱን በግራ ይዛችሁ ንፋሱን በቀኝ የያዘ ሦስተኛ ተወዳዳሪ ቢመጣባችሁ፣ ሁለታችሁም ለእሱ መልቀቅ ስላለባችሁ ለእናንተ እንደ ዳርቻው ነው። ያን ጊዜም «ለመዞር ቦታ!» ይሠራል።

መዞር ሳያስፈልግ እንቅፋትን ጎን ለጎን ማለፍ ሲሆን ቁጥር 19 ነው፤ የውጪው ለእንቅፋቱ ለቀረበው፣ ለውስጠኛው ቦታ ይሰጣል። ዳርቻን ተከትላችሁ ስትሄዱ ግን ከኋላ የነበረ ሰው በአንተና በዳርቻው መካከል ሊሾልክ ቢሞክር፣ ጎንህ በደረሰባት ቅጽበት የሚያልፍበት ቦታ ከሌለ መብት የለውም። እንደ ሚኒባስ አፍንጫ አስገብቶ «ገብቻለሁ» ማለት እዚህ አይሠራም።

የዓለም የሸራ ጀልባ ስፖርት የበላይ አካል ወርልድ ሴሊንግ ደንቡን በየ4 ዓመቱ ያድሰዋል። የአሁኑ እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2028 የሚያገለግለው ስለሆነ ስታወርድ ዓመቱን እይ።

ጓደኛህ ጥፋቱን ካመነ ወዲያው ከሌሎች ራቅ ብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞርና ውድድሩን ይቀጥላል። ካላመነ ደግሞ አንተ ሳትዘገይ እዚያው «ፕሮቴስት!» (ተቃውሞ አለኝ) ብለህ መጮህ አለብህ። ጀልባህ ርዝመቷ ከ6 ሜትር የሚያንስ ከሆነ ቀይ ባንዲራ ማውጣት አይጠበቅብህም።