ከታጠበ በኋላ የሚያኮርፍ ሞተር

አንድ የሱሉልታ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ባለ 150 ሲሲ ሞተሬን ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስመለስ ግቢ ውስጥ በውሃ ጎማ አጥባለሁ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ስል አይነሳም። ቢነሳም ያስነጥሳል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲመታው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ካንዴላ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። የሰፈራችን መካኒክ ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበና ጀቱን ቀየረው፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ካቴናውም ቶሎ ቶሎ ይዝጋል። እሱን እንኳ ሞተሩን አስነስቼ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ በጨርቅ እየያዝኩ አጸዳዋለሁ። ምን ትለኛለህ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሌላውን እንደ ዘወትር ሥራዬ አነበብኩት፤ እዚህ ስደርስ ግን ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። በሞተር ኃይል የሚዞር ካቴና በጨርቅ አይያዝም። በፍጹም! ቡራዩ ስሠራ አብሮኝ የነበረ ልጅ እንዳንተው ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ካቴናው ጨርቁን ያዘ፣ ጨርቁ ጣቱን ያዘ፣ የኋላው ጥርስ ጋ ሲደርስ አለቀ። «ወይኔ» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ዛሬ ካቻቢቴ የሚይዘው በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ነው።

አሁን ወደ ኩርፊያው። እኔ የጠረጠርኩት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ የሚሰካውን የጎማ ኮፍያ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ምንም አላጠፋም። እንዴት አወቅክ ብትል፣ ፀሐይዋ ነግራኛለች። ውሃ ካርቡራተር ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ላዩ ላይ ቤንዚን ተኝቶበት በግማሽ ቀን ፀሐይ አይደርቅም። ከሥር ያለውን ብሎን ፈትተህ ካላፈሰስከው እዚያው ነው። ያንተ ግን በራሱ ይሻለዋል። በራሱ የሚሻለው ላይ ላዩን የረጠበ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። ለካንዴላው ኃይል ከሚሰጠው ከኮይሉ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ነው። ይህ ኃይል እንደ ሰፈር ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ አቋራጭ ይፈልጋል። እኛ ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን ክፍተት ዘሎ እንዲያልፍ እንፈልጋለን። ክፍተቷ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ግን ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ታምቋል። በታመቀ አየር ውስጥ መዝለል ደግሞ ውጭ ካለው አየር ይልቅ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ኃይሉ ሌላ መንገድ ያያል። ኮፍያው ደረቅና ንጹህ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም፤ ወዶ ሳይወድ ይዘላል። ኮፍያው ላይ ውሃ ካለ ግን፣ ያውም ሳሙናና የሱሉልታ ጭቃ የተሟሟበት ውሃ ካለ፣ በኮፍያው ቆዳ ላይ ተንሸራቶ ሲሊንደሩ ብረት ላይ ያርፋል። ንጹህ ውሃ ብቻውን እንደዚህ አያደርግም፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሳሙናውና ቆሻሻው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይመጣል። በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲያልፍ ጎማውን እያቃጠለ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይሠራል። ያ መስመር ከሰል ነው፣ ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የጠዋት ጤዛም ይበቃዋል። መካኒክህም ካንዴላውን ፈትቶ ብረት ላይ አስደግፎ አይቶ «ብልጭታው ጥሩ ነው» ብሎህ ይሆናል። ውጭማ ጥሩ ነው! ውጭ የታመቀ አየር የለም።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ መብራት አጥፋና ሞተሩን አስነሳ። በሚረጭ ጠርሙስ ውሃ በኮፍያውና በወፍራሙ ሽቦ ላይ ጉም ያህል እፍ አድርግበት። ሰማያዊ ነገር ሲርመሰመስ ካየህ አገኘኸው። በእጅህ አትንካው፤ ቤንዚንም አጠገብህ አይኑር።

ኮፍያው ከሽቦው ጋር በጠመዝማዛ ነው የሚያያዘው። እያዞርክ አውጣው፣ የሽቦውን ጫፍ ተመልከት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ አዲሱን ኮፍያ ጠምዝዝበት። ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ካገኘህ ደግሞ አትገረም። የቴፕ ሽቦ ቀጥለው ጥቁር ፕላስተር የጠቀለሉበት ሞተር ባለፈው ወር ብቻ ሁለት መጥቶልኛል። እንዲህ ያለ ጥገና ለቀጣዩ መካኒክ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሽቦውን ከነኮይሉ ቀይረው።

ኮፍያ ስትገዛ ርካሹን ተወው። ርካሹ ጎማው እንደ ደረቅ ቆሎ ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው ብረትም ካንዴላውን አይጨብጥም። በጣትህ ጨመቅ አድርገው፤ ተጣጥፎ ወደ ቅርጹ የሚመለሰውን ውሰድ። ስትሰካው አፉ ላይ ስስ ሲሊኮን ግራሶ ቀባ። የኩሽኔታ ግራሶ ጎማ ይበላል፤ አይሆንም።

አስተጣጠብህም ይስተካከል። ማታ አትጠብ፤ የሱሉልታ ሌሊት ምን ሊያደርቅ? ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እጠብ። የውሃ ጎማውን አስቀምጠውና በሁለት ባልዲ ሥራ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹህ ውሃ። ማርሚታው አፍ ላይና እጀታው ላይ ባሉት ማብሪያዎች ላይ ፌስታል እሰር፤ ማርሚታው ላይ ያሰርከውን ሳትፈታ አስነስተህ እኔን እንዳትወቅሰኝ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልሙኒየሙን ያደበዝዛል፣ የመኪና ሻምፑ ይሻላል። ላቫጆ ከወሰድከውም ግፊት ያለውን ውሃ ኩሽኔታና ካንዴላ ላይ እንዳይተኩሱት ንገራቸው። በመጨረሻ ናፍጣ ረጭተው ሊያብለጨልጩልህ ሲሉም እምቢ በል። ናፍጣ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማ ያለሰልሳል፣ ፍሬን ላይ ካረፈ ደግሞ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ታስታውሰዋለህ። ክሮሙ ላይ ያለውን ቀላል ዝገት በውሃ የረጠበ የአልሙኒየም ፎይል ይፍቀው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይቧጭረዋል።

ካቴናው የሚዝገው አጥበህ ሳትቀባው ስለምታሳድረው ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ በመሃል መቆሚያው አቁመው። ጎማውን በእጅህ እያዞርክ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። በእጅህ ስታዞርም ጣትህ ጥርሱ ጋ አይቅረብ። ጠርገህ ካደረቅክ በኋላ በውስጥ በኩል የካምቢዮ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግ፣ ትርፉን ጥረግ። ልልነቱ በብዙ ሞተር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተን ትክክለኛ ቁጥር ካቴናው መሸፈኛ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ታገኘዋለህ። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው አይደል? ደግሜ የምጠይቅህ ልጁንም ስንቴ ነግሬው ስለነበር ነው።

የቀረው ጀቱ ነው፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ የናስ ቁራጭ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። መካኒክህ የገጠመው ከድሮው የሰፋ ከሆነ ሞተሩ ከሚችለው በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው፤ የባሰበትም ለዚህ ይሆናል። ካንዴላውን ፍታና ጫፉን እይ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ መካኒኩ ጋ ሂድና አሮጌውን ጀት አስመልስ። ጥሎት እንዳይሆን እንጂ፣ ያ የናስ ቁራጭ አሁን ከገበያው አዲስ ይሻልሃል።