ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቁም፣ መዋጮው አይጨመር

ጥያቄ

ይድረስ ለጋሼ። ለትንሣኤ አጎቴና ባለቤቱ ከአሜሪካ መጥተው ሽምብጥ ሰፈር እኛ ቤት ሰንብተው ነበር። ሁለቱም የሚመርጡት ሪፐብሊካንን ነው፤ ሁለቱም «ወግ አጥባቂ ነን» ይላሉ። አንድ ማታ ግን ቡና ላይ ተጣሉ። አጎቴ ሦስት የጭነት መኪና አለው፤ «መንግሥት ታክሱን ይቀንስልኝ፣ ሌላው የራሴ ጉዳይ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «ፅንስ አታስወርዱ፣ ውለዱ እያልን ለወለደችው አምስት ሳንቲም ካልሰጠን እምነታችን ምኑ ላይ ነው?» አለችው። እስኪሄዱ ድረስ በወጉ አልተነጋገሩም። ከሁለቱ እውነተኛው ወግ አጥባቂ ማን ነው? አንድ ፓርቲ ውስጥስ እንዴት ይኖራሉ?

የፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ የታወሰኝ የእድራችን ስብሰባ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ። የሸራውም፣ የንፍሮውም፣ የጫኝና አውራጁም ዋጋ ጨምሮ ካዝናው ሲሳሳ፣ ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ወደ 80 ብር ይደግ፣ አለዚያ ድንኳኑ በቀብሩ ዕለት ማታ ይነሣ ብዬ አቀረብኩ። አንድ ትልቅ አባት ተነሡ። «ድንኳን ሰልስት ሳይወጣ አይፈርስም፤ አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም» አሉ። «ልክ ነው!» አለ ጉባኤው። ቀጠሉ፤ «መዋጮውም ላይ አንዲት ሳንቲም አይጨመርም፤ የድሃ ገንዘብ ነው።» አሁንም «ልክ ነው!» ተባለ።

እኒያን አባት አከብራቸዋለሁ። ሁለቱንም ያሉት ከልባቸው ነው። ወጉም እንዲጠበቅ፣ ገንዘቡም እንዲጠበቅ ይፈልጋሉ፤ በእሳቸው ልብ ሁለቱ አንድ ናቸው። በእኔ መዝገብ ላይ ግን አንዱ የሚጻፈው በወጪ በኩል ነው፤ ገቢው ካላደገ ደግሞ ከየት ይሞላል?

የዘመዶችሽ ፓርቲም ከዚያ አባት የተለየ አይደለም። አጎትሽ የያዘው የገንዘቡን ወገን ነው፦ ታክስ ይቀነስ፣ በጀት ይጥበብ፣ መንግሥት አይበደር። ባለቤቱ የያዘችው የኑሮውን ነው፦ ጋብቻ፣ ልጅ፣ ጸሎት። ሁለቱን ያገናኛቸው ኮሙኒዝም ነበር፤ ነጋዴው ንብረት ወራሽ ስለሆነ፣ አማኙ ፈጣሪን ስለሚክድ ይፈሩታል። ደርግን ላየ የእኔ ዕድሜ ሰው ይህ አይከብደውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቱ የተወረሰበትም፣ በሃይማኖቱ የተሸማቀቀውም፣ በየራሱ ምክንያት አብሮ ያዝን ነበር።

ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1980 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ሁለቱንም ይዞ ነው የተነሣው። ፓስተር ጄሪ ፋልዌል በ1979 ያቋቋመው «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለ የፖለቲካ ማኅበር አማኞችን ወደ ምርጫ ጣቢያ አመጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በዪ። በ1981፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ70 ወደ 50 በመቶ እንዲወርድ ተወሰነ። አማኞቹ የጠየቁት በመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሎት የሚፈቅድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግን በ1984 ሴኔት ውስጥ ወደቀ፤ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው የ1973ቱ ፍርድ እስኪሻር ደግሞ እስከ 2022 ጠበቁ። የባለቤቱን ቁጣ ከዚህ ተረጂው። ቡና ላይ የጀመረ አይደለም።

በተለይ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሆነውን ልንገርሽ፤ የእነሱ ጠብ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። ሪፐብሊካኖች የኩባንያ ግብርን ከ35 ወደ 20 በመቶ ለማውረድ ሕግ አዘጋጁ። ከራሳቸው መካከል ሁለት ሴናተሮች፣ ማርኮ ሩቢዮና ማይክ ሊ፣ «20 አይሁን፣ 20.94 ይሁን፤ በልዩነቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ወላጆች ለልጆቻቸው የሚታሰበው የግብር ተመላሽ ይጨመርላቸው» ብለው አቀረቡ። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። በ71 ድምፅ ለ29 ተሸነፉ። በኋላ ለልጆች የሚመለሰው ገንዘብ በመጠኑ ቢጨመርም፣ የኩባንያው ግብር በመጨረሻ 21 ሆኖ ጸደቀ፤ ከጠየቁት በላይ ማለት ነው፣ ለልጆች ሲባል ግን አይደለም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

እንግሊዝም እንደዚያው ነው። ስለ ቤተሰብ አብዝቶ የሚናገረው ወግ አጥባቂ ፓርቲ በጀት ለመቆጠብ ሲል ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ለሚወለድ ሦስተኛ ልጅ የሚታሰበውን ድጎማ አስቀረ፤ ጳጳሳት ተቃወሙ። ፖላንድ ውስጥ ደግሞ «ሕግና ፍትሕ» የተባለው ወግ አጥባቂ ፓርቲ በ2016 ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ በየወሩ 500 ዝሎቲ መክፈል ጀመረ። እዚያ አጎትሽ ቢኖር ፓርቲ አጥቶ ይቀር ነበር።

አጎትሽንም ግን አታቃልይው። ወጉን እያወደሰ በብድር የሚደግስ ሰው ዕዳውን የሚያወርሰው ለልጆቹ ነው፤ የእድር ካዝና የያዘ ይህን ያውቃል። እኔ የምፈልገው ሁለቱም ዋጋውን አውጥተው እንዲናገሩ ነው፦ ይህን ወግ ለመጠበቅ ይህን ያህል ያስፈልጋል፣ የሚከፍለውም እገሌ ነው ብለው። እውነተኛው ማን ነው ላልሽኝ፣ በዚያ ማታ ክርክር እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ምክንያቴም ከመጽሐፍ አልመጣም።

በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የእድራችን ድንኳን ሳይታጠፍ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድበት ጊዜ ነበር። የምንቀብረው ወጣቶችን ነው። የበሽታውን ስም የሚጠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ለኤች አይ ቪ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ጠየቁ። ከገፋፏቸው መካከል እንደ አጎትሽ ባለቤት ያሉ አማኞች ነበሩ። ለበሽታው መከላከያ ከተመደበው ገንዘብ ሲሶው ከጋብቻ በፊት መታቀብን ለማስተማር ይዋል ብለውም ሕጉ ውስጥ አስገቡ፤ በዚህ የምከራከራቸው አለኝ፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ሆነች፤ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በእኔ መዝገብ የቀብር ወጪው ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ገንዘብ የከፈለው የአጎትሽን ዓይነት ታክስ ከፋይ ነው፣ እንዲከፈል የለመነችው የባለቤቱ ዓይነት ሰው ናት።

አጎትሽ ሲደውል ያችን 0.94 በመቶ አንሺለትና እሱ ሴናተር ቢሆን ኖሮ እንዴት ድምፅ ይሰጥ እንደነበር ጠይቂው። መልሱን ጻፊልኝ።