መልስ፦ የሩፖል ድራግ ሬስ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ2017 ለምን በአንዴ ጨመረ?

ሩፖል ድራግ ሬስ የድራግ (በተጋነነ አለባበስና ሜካፕ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሌላ ጾታ ሆኖ የሚቀርብ ትርኢት) ተጫዋቾች የሚፎካከሩበት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ነው። «ሕዝቡ ስለ ድራግ ያለው አመለካከት ተለውጦ ነው ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ጣቢያው ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይታይ የነበረው ሎጎ በተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኬብል ጣቢያ ነበር። በ2017 ዘጠነኛው ምዕራፍ ብዙ ቤት ወደሚገባው ቪኤች ዋን ሲዛወር የመክፈቻው ክፍል ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች አገኘ። ግን ልብ ይበሉ፤ በዚያ ክፍል ታዋቂዋ ዘፋኝ ሌዲ ጋጋ በእንግድነት ነበረች። ስለዚህ ምዕራፍን ከምዕራፍ ሲያወዳድሩ የመክፈቻውን ቁጥር ሳይሆን የሁሉንም ክፍሎች አማካይ ይያዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ቁጥር በዕለቱ ያየውን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ቀድቶ በ7 ቀን ውስጥ ያየውንም ይጨምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጡ ያልነበረ ዕድገት ይታይዎታል።

«ፖዝ»ን ከዚህ ጋር ባይደምሩት ይሻላል። በ2018 ኤፍኤክስ በተባለ የአሜሪካ ጣቢያ የጀመረ ድራማ ነው፤ ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ) ተዋንያን በዋና ገጸ ባሕርይነት የሚጫወቱበት። ድራግ የመድረክ ጥበብ ነው፣ ትራንስጀንደርነት ግን ማንነት፤ የሁለቱን ተመልካች አንድ አድርጎ መቁጠር ለሁለቱም ፍትሐዊ አይደለም።