ለገና ደሴ የምትሄድ ተማሪ፣ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት

ይህን የምጽፈው ውጭ ለምትማሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ነው። ኅዳር ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ገናን ቤተሰብ ጋ ላሳልፍ ነው!» ደስ ይለኛል። ከዚያ ዕቅዳቸውን ይነግሩኛል፤ ደስታዬ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ አንዴ ልናገርና ልረፍ። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ላንቺም ነው።

1. ወረቀት

ቪዛህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ፣ ከወጣህ ለመመለስ ሌላ ያስፈልግሃል። አሜሪካ ካለህ አይ-ትዌንቲህ (ትምህርት ቤቱ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ወረቀት) ላይ የጉዞ ፊርማ መኖሩን እይ። የቀረውን የዩኒቨርሲቲህን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቅ። አለቀ።

2. ቀኑ

የፈረንጅ ገና ዲሴምበር 25፣ የእኛ ጃንዋሪ 7 መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቲኬት ሲቆርጥ ግን ይጠፋበታል! ትምህርት ሲዘጋ ይበራል፣ ትምህርት ሲከፈት ለመድረስ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው በገና ነው። እናትህ ዶሮ ልትሠራልህ እየተመኘች ሽሮና ምስር ታበላሃለች። ዶሮው ሲወጠወጥ አንተ ክፍል ውስጥ ነህ።

መምህሮችህን አስቀድመህ መስከረም ላይ አናግር። «የሃይማኖት በዓሌ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥቂት ቀን ልዘግይ» በል። ቀድሞ ለጠየቀ የሚፈቅዱ አሉ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ብትጽፍላቸው ግን እነሱም ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ማን ያነብልሃል? ካልተፈቀደልህ ለቤት ቁርጡን ንገር። «ምናልባት» እንዳትል። በልጅ ምናልባት በግ ገዝቶ የሚያስር ቤት አውቃለሁ።

3. ሻንጣ

በክሬዲት ካርድ ጫማ አትግዛ። ለአክስት ልጅ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለማታውቀው ልጅ እያልክ ሁለት ሻንጣ ትሞላለህ። ዕዳውን እስከ ክረምት ትከፍላለህ። ጫማው ደግሞ ለግማሹ አይሆንም። ገንዘቡን ያዝ፣ ሥራ አለው።

4. «አዲስ አበባ ኑልኝ»

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጁ ከውጭ ይመጣል፣ ቦሌ አካባቢ ሆቴል ይይዛል፣ ከዚያ ደውሎ «እማዬ፣ እናንተ ብትመጡ አይሻልም?» ይላል። እናት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ጣርማበርን አልፋ፣ ድፎ ዳቦ በዘንቢል ይዛ ትመጣለች። አባት ጉልበቱን እያሸ ሆቴል ውስጥ ይቀመጣል። በዓል ነው ይሄ?

መንገዱ ያሰጋል ትለኛለህ። እውነት ነው፣ ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ለአንተ የሚያሰጋ መንገድ ታዲያ ለእናትህ አያሰጋም? ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለልህ። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መግባት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ያወለቅከውን ጃኬት ደሴ ላይ መልሰህ ትለብሳለህ፣ የታኅሣሥ ብርድ አይቀለድበትም። በረራው ከሌለ ወይም ሁኔታው ካላማረ ቤት ያሉትን ስማ፤ «አትምጣ» ካሉህ አትሂድ። ያ ሌላ ነገር ነው። የምቆጣው መሄድ እየቻለ ስንፍና ለያዘው ነው።

ሆቴል ውስጥ የምታገኘው አባትና እናትህን ብቻ ነው። ያሳደገችህን ጎረቤት ማን ያመጣልሃል? ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል። እናትህ አራስ ሳለች ገንፎ ያገነፋችላት ሙስሊም ጎረቤቷ ናት። ለአረፋ እነሱ ቤት ለክርስቲያኑ ለብቻው ይታረድ ነበር። በገና ደግሞ ለእነሱ የሚታረደው በራሳቸው ሰው ነው፣ ድስቱም ለብቻ ነው። እንግዲህ ያ የጫማ ገንዘብ እዚህ ይግባ፤ ሁለተኛውን በግ አንተ ግዛ። ገበያ ግን አባትህን ላክ። አንተ ፊት ከቀደምክ «ዶላር መጣ» ተብሎ ዋጋው ይቆለልብሃል።

በ2014 ዓ.ም. ዲያስፖራው ለገና ወደ ሀገር ቤት ሲጠራ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ከወጡ ወር ያህል ብቻ ነበር። የማውቃቸው ልጆች አዲስ አበባ ፎቶ ተነስተው ተመለሱ። ያኔ ሐረጎን የወጣ ልጅ ስሙ በሰፈሩ ዛሬም ይነሳል።

ለምን እንዲህ እንደምቆጣ ልንገርህ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ብወጣ መመለሻ የለኝም። አባቴ ገና በመጣ ቁጥር በስልክ «ዘንድሮስ?» ይለኛል። «ለከርሞ» እላለሁ። ወረቀቱ ሲያልቅ አባቴ አልነበረም። አንተ ቪዛ አለህ፣ ቲኬት አለህ፣ አባት አለህ። ሦስቱንም ይዘህ ቦሌ ትተኛለህ?

5. ላሊበላ

ቤዛ ኩሉን፣ የላሊበላን የገና ዝማሬ፣ በዓይን ማየት ያስመኛል፣ አልከለክልህም። ግን እናትህን ይዘሃት ሂድ፣ ካልሆነም ለሌላ ዓመት አቆየው። ዓመት ሙሉ ስትጠብቅህ ከርማ በበዓሉ ቀን ለቡና የመጣውን ሰው «ከጓደኞቹ ጋር ወልድያን አልፏል» እያለች ታስተናግድ? ከጓደኞችህ ጋር ለመሄድ ከቆረጥክ ራስህ ደውለህ ንገራት። ኋላ «ጋሼ፣ አስታርቀኝ» ብለህ እንዳትደውልልኝ፣ ስልኩን አላነሳም።