ሐረናን በሁለት ቀን? አይበቃም

ሰላም እህቴ። "ከሀዋሳ ተነስተን ባሌ ሐረና ጫካን በሁለት ቀን አይተን መመለስ እንችላለን ወይ? የቤት መኪናስ ይገባል?" ብለሻል። በሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነው የምታዩት። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ፣ አንዱን ሐረና ጫካ ውስጥ ባለችው መንደር ሪራ እደሩ።

ከሻሸመኔ በዶዶላና አዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትደርሳላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ እዚያ ነው፣ መግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ። የደጋ አጋዘን ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም፣ እዚያው አካባቢ ጥዱና ኮሶው ሥር ሲግጥ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ጎባ አድራችሁ ጠዋት በጊዜ ወደ ሳነቴ አምባ ውጡ። ከባሕር ጠለል 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ብርዱ የሀዋሳ ሰው የሚያውቀው ዓይነት አይደለም፣ ጋቢም ጃኬትም ያዙ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን የምታዩት እዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ሹፌሩን አደራ በሉት፣ ቀስ ብሎ ይንዳ። ውሻ ይዞ መሄድማ ፈጽሞ አይታሰብም፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር፣ ሐረና ጫካ፣ ከሳነቴ ቁልቁል ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ያልቅና ሽበት የሚመስል ነገር የተንጠለጠለበት አስታ የሚባል ዛፍ ጫካ ይጀምራል፣ ጉም ይውጣችኋል፣ ቀጥሎ ቀርከሃ ይመጣል፣ ቅጠሉን እየበላ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ሌላ አገር የለም፣ ከዚያ ዝቅ ስትሉ ትልልቅ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ታያላችሁ። ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት ማለፍ ግፍ ነው። በእግር ሂዱ።

ሪራ ላይ ማርና የጫካ ቡና ከገበሬው እጅ ግዙ። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ስለዚህ ማር የሚሸጥ ሰው ዛፉ እንዲቆረጥ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓርኩ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ደስ ይላል፣ ግን ጫካውን በየቀኑ የሚያቆየው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ከዚህ ተራራ የሚወርደው ውሃ በገናሌ ወንዝ አድርጎ ሶማሊያ ድረስ ይሄዳል፣ ጫካው ከተመናመነ የሚጎዳው የባሌ ሰው ብቻ አይደለም። በበጋ እሳት አታንድዱ፣ አስታ ቶሎ ነው የሚቀጣጠለው።

መኪናውን በተመለከተ፣ እስከ ጎባ ችግር የለም። ጫካው ውስጥ ዝናብ ካገኛችሁ ግን ጭቃው ለቤት መኪና አይሆንም፣ ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ብትሄዱ ይሻላል። ጥሬ ገንዘብም ከጎባ ሳትወጡ ያዙ።